በቀኝ ጫፍ ያለችው የቤት ምልክት

ውድ ወንድሜ ኻሚስ፣

የምጽፍልህ ከሱቃችን ሆኜ ነው። ቤት ሰው ሞልቷል፤ ለምን እንደሞላ እየቆየሁ እነግርሃለሁ። በአማርኛ የምጽፈው ሁለታችንም ትምህርት ቤት የተማርነው እሱን ስለሆነ ነው። የቤታችንን ቋንቋ እናወራዋለን እንጂ ጽፈንበት አናውቅም። በምሰባብረው ዓረብኛ ብጽፍ ደግሞ ባባ ያነበዋል፤ ይህን ባባ እንዲያነበው አልፈልግም።

ኮምፒውተሩ አንተ ባስቀመጥክበት አለ። ከመንገዱ የሚገባው አቧራ እንዳይጎዳው ያለበስከው ጨርቅም አለ። ማተሚያው አሁንም ወረቀት ይነክሳል። ሰው ይመጣል፤ ማመልከቻ ያስጽፋል፣ የልጁን የፈተና ውጤት ያስወጣል። መብራት ሲጠፋ ኸድራ ከጎናችን የከርከዴ ሻይ ከምትሸጥበት ዳስ ሆና «ደግሞ ጨለመባችሁ?» ትላለች። አንተ እያለህ የነበረው ሁሉ አንተ ሳትኖርም አለ። ያልቻልኩት ይህን ነው።

ሥራውን ስታለማምደኝ ያልከኝን አልረሳሁም። ብሮውዘሩን ከፈትክና በጣትህ ከላይ ወደ ታች አሳየኸኝ።

«ከላይ የተደረደሩት ታቦች ደንበኞች ናቸው፤ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ከእነሱ ሥር ያለው ረጅም ሳጥን መንገድ ጠቋሚ ነው፤ የምትሄጂበትን ትጽፊለታለሽ። ከሱ ሥር ያለው ረድፍ ግን ያንቺ ነው። የፈለግሽውን ገጽ ዕልባት አድርገሽ ትሰቅይበታለሽ፤ ስሙንም የምታወጪለት አንቺ ነሽ።»

እኔ ግን እጠፋ ነበር። ታብ በታብ ላይ እከፍትና የመጣሁበት ይጠፋኛል። ወደ መጀመሪያው ገጽ የምትመልሰውን የቤት ምልክት በግራ በኩል ከታጨቁት ምልክቶች መካከል ፈልጌ ሳጣት ሁሉንም እዘጋዋለሁ። አንድ ቀን ከጎኔ ተቀምጠህ ማያውን ሳይሆን ዓይኔን ስታይ ቆየህ።

«አንቺ እኮ ከቀኝ ጀምረሽ ነው የምትፈልጊው» አልከኝ።

እውነትህን ነበር። ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ኸልዋ፣ ቁርኣን ቤት ገብቼ ቁርኣን ቀርቻለሁ፤ ለእኔ ጽሑፍ መጀመሪያ ያወቅሁት ከቀኝ ሲመጣ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ተለማመጂ» ይለኝ ነበር። አንተ ግን ቅንብሮቹን ከፈትክና የቤት ምልክቷን በማውዙ ይዘህ እስከ ቀኝ ጫፍ ጎተትካት። የማልነካቸውን ምልክቶች አወጣሃቸው፣ ጽሑፉን አጎላኸው፣ የመስኮቱን ጠርዝ የማንጎ ቅጠል አስመሰልከው። ኸድራ በበሩ አንገቷን አስግጋ አየች።

«የዚህ ልጅ ሙሽራ መጣች እንዴ? ጌጡ በዛ» አለች።

«ሙሽራዬ ከርከዴ ሸጣ ስትጨርስ ነው የምትመጣው» አልካት። ሳቅ አፍኗት ወደ ዳሷ ተመለሰች።

ለባባ ደግሞ ሌላ ብሮውዘር ጭነህ በዓረብኛ አደረግክለት። በዚያኛው ሁሉ ነገር ይገለበጣል። ታቦቹ ከቀኝ ይጀምራሉ፤ ወደ ኋላ የሚመልሰው ቀስት ራሱ ወደ ቀኝ ያመለክታል። ባባ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየውና «ይሄስ ሰልሟል» አለ። ያን ቀን ያህል ስቆ አያውቅም።

ከዚያ ሱዳን ውስጥ ዳማዚን ያለችው እህታችን ሳሊማ ባሏ ሞተባት። ከልጆቿ ጋር በጦርነቱ መሃል ቀረች፤ አንተም ልታመጣት ተነሳህ። «በኩርሙክ እሻገራለሁ፣ በኩርሙክ እመለሳለሁ» አልክ፣ ባምባሲ ገበያ ደርሶ እንደሚመለስ ሰው። አትሂድ ልልህ ፈልጌ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሳሊማ እህቴ ናት፤ አትሂድ ማለት እሷን እዚያው ተዋት ማለት ሆነብኝ። ሻንጣህን አሰርኩልህ።

ከመሄድህ በፊት የሱቁን ብሮውዘር አካውንት ስልክህ ላይም ከፈትክ።

«ከድንበሩ ወዲያ ስልክ ቢደወልም አይነሳም» አልከኝ። «እኔ ስልኬ ላይ የምሰቅለው ዕልባት ግን አካውንቱ አንድ ስለሆነ እዚህ ረድፍ ላይ ይመጣል። ለአፍታ ኔትወርክ ካገኘሁ ይበቃል። ረድፉን እይ።»

እንዳልከውም ሆነ። ያገኘኸውን ገጽ ዕልባት ታደርግና ስሙን ሰርዘህ የምትለኝን ትጽፍበት ነበር። «ደረስኩ» መጣ። «ሳሊማ ከስታለች፣ ደህና ናት» መጣ። «ባባ መድኃኒቱን ይዋጥ» ስትል እኔ እሱኑ ሰርዤ በቦታው «ዋጠ» ብዬ መለስኩልህ። እንዲህ ነበር የምንነጋገረው፤ አንተ ትጽፋለህ፣ እኔ በቃልህ ላይ መልሴን እተካለሁ። ደንበኞች ከፈተና ውጤትና ከፓስፖርት ቀጠሮ መሃል «ዋጠ» የሚል ተሰክቶ ሲያዩ ግራ ይገባቸው ነበር። «ዋጠ ማነው? የትኛው መሥሪያ ቤት ነው?» ያለኝም አለ።

የመጨረሻዋ «ነገ እንነሳለን» ናት።

ከእሷ በኋላ ምንም አልመጣም። ብጫናት የተሰቀለችበት ገጽ አይከፈትም። ስሟ ግን እዚያው ነበረ። ጠዋት ስከፍት ነገ ትላለች፤ በማግስቱም ስከፍት ነገ ትላለች። ማንጎው ደርሶ አለቀ፣ ዝናቡ መጥቶ ሄደ፣ ማንጎው እንደገና አበበ። ኩርሙክ ድረስ ሄጄ ከወዲያ የሚመጡትን እየለመንኩ ጠየቅሁ። አንድ ሙርሳል የሚባል ነጋዴ ብቻ፣ በዚያ ሰሞን ከዳማዚን የወጡ መኪኖች መንገድ ላይ ተመትተዋል መባሉን ነገረኝ። ፊቴን ሲያይ ጊዜ «ሲባል ሰማሁ እንጂ እኔ አላየሁም» አለ።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ባባን ሊያናግሩት መጡ። ዱዓ ይደረግ፣ ሰው መጥቶ ያጽናና አሉት። ባባ እምቢ አለ።

«ልጄ ነገ ብሎ ጽፏል። ቃሉ እዚያ እያለ ለለቅሶ ምንጣፍ አላነጥፍም።»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት ሲመለስ በሱቁ ያልፋል። አይገባም። በሩ ላይ ቆሞ «አለች?» ይለኛል። «አለች» እለዋለሁ። ይሄዳል።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ብሮውዘሩን ስከፍት ረድፉ ባዶ ነው። የፈተና ውጤቱ የለም፣ «ደረስኩ» የለም፣ «ነገ እንነሳለን» የለችም። በቦታቸው አንድ የዓረብኛ ጽሑፍ ብቻ ተሰቅሏል። ዓረብኛዬ ስለማይበቃ ባባን አስጠራሁት። ቀስ ብሎ አነበበው፤ «የመንገዶች ሁኔታ» ይላል።

ኻሚስ፣ ያን ሰዓት ያሰብነውን ስማ። መንገድ ስትሄድ ጠረጴዛህን ጠርገህ ነበር የምትነሳው፤ ረድፉንም የጠረግኸው አንተ ነህ አልን። ለባባ ብለህ በዓረብኛ ጻፍክ አልን። ነገ እንነሳለንን ያነሳሃት ስለተነሳችሁ ነው፤ ሳሊማንና ልጆቹን ይዘህ መንገዱን እያጣራህ ነው አልን። ግምታችን አንድም ነገር አልጎደለውም። ባባ ኮምፒውተሩ ፊት ቆሞ አለቀሰ።

ኸድራ ዳሷን ትታ ገበያ ሄደች፤ ባሚያ ገዝታ መጣች። የማሽላ ገንፎ ተገነፋ። ለሳሊማ ልጆች ከጎረቤት የቀርከሃ አልጋ ተዋስን። ባባ የኩርሙክ መኪና የሚቆምበት ቦታ ሄዶ እስኪመሽ ተቀመጠ፤ በማግስቱም ሄደ።

በሦስተኛው ቀን መምህር ደባልቄ ፈተና ሊያባዛ መጣ። ታስታውሰዋለህ፤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚያስተምረው፣ ወላጆቹ ከወሎ መጥተው ፓዌ የሰፈሩት። ነገርኩት። ረድፉን አየ፣ ቅንብሮቹን ከፍቶ አየ፤ «ደስ ይበልህ» ስለው አላየኝም።

«ስልኩ የኻሚስ ነው፣ ልክ ነው» አለ። «አባባ፣ ግን አንድ ነገር ብንጠይቀው ምን ይመስልዎታል?»

«ምን ይጠይቃል?» አለ ባባ በሰባራ አማርኛው። «ልጅ መንገድ ላይ ነው። መንገድ ላይ ሰው አያስቸግርም።»

«እሱ መሆኑን እንድናውቅ ብዬ ነው።»

«ሌላ ሰው ልጄ ስልክ ምን ያደርጋል?»

ደባልቄ ዓይኑን ወደ ማያው መለሰ። ይህን ያየው ባባ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ያኔ ነው እኔ አዲስ ዕልባት የሰቀልኩት። ስሙን «የቤት ምልክቷን የት አደረግህልኝ?» አልኩት። ይህን ከአንተና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ባባም ይህንኑ በአንድ ጣቱ እየፈለገ በዓረብኛ ከጎኑ ጻፈ። መልስህ ምን እንደሚሆን አውቀው ነበር። «በቀኝ ጫፍ፤ ዓይንሽ ከዚያ ስለሚጀምር» ትለኛለህ። ከአፍህ የሰማሁት ያህል ነበር።

መልሱ በማግስቱ መጣ፤ በዓረብኛ ነው። ባባ ማያው ላይ ጎንበስ ብሎ በቤታችን ቋንቋ ተረጎመልኝ።

«ስልኩን ገበያ ላይ ገዛሁት ይላል። ባለቤቱን አላውቀውም ይላል።» ቆመ።

«ሌላስ?» አልኩት።

«ሌላ የለም» አለና መነጽሩን አወለቀ።

ሌላ ነበረ። መጨረሻው ላይ «አላህ የርሐሙ» ይላል። ይህን ለማንበብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ በየለቅሶው፣ አላህ ይማረው ስንል፣ የምንለው ነው። ባባ እንዳላነበበው ሆነ፤ እኔም ማንበብ እንደማልችል ሆንኩ። ሰውዬው ምን እንደሚያውቅ አላውቅም። ምናልባት በዚያ ገበያ ስልክ የሚገዛ ሁሉ ለባለቤቱ እንዲህ ብሎ ይሆናል።

መልሱን ሊሰማ የመጣው ደባልቄ በሩ ድረስ ስሸኘው «አብሽሪ፣ አይዞሽ እህቴ» አለኝ። «የይለፍ ቃሉን ቀይሪና ያን ስልክ ከአካውንቱ አስወጪው። የማታውቂው ሰው እጁን እየከተተ እንዴት ትሠሪያለሽ?»

«ካስወጣሁት ያ ስልክ ተመልሶ ይመጣል?»

«አይመጣም።»

አላስወጣሁትም። በእጅህ የነበረ ነገር እኔ ጋ የሚደርሰው በዚያ ረድፍ ብቻ ነው። ተመልሼ ገብቼ ረድፉን እንደነበረው ደረደርኩት፤ የፈተና ውጤቱን፣ የፓስፖርት ቀጠሮውን፣ «ደረስኩ»ን፣ «ዋጠ»ን። መጨረሻ ላይ «ነገ እንነሳለን» ብዬ ሰቀልኩ። ከዐስር ሶላት በኋላ ባባ በሩ ላይ ቆመ።

«አለች?»

«አለች።»

ሄደ። ባዕዱ ሰውም አላነሳትም። አዝኖልን ይሁን ስላላያት፣ አላውቅም። እንዲህ ሆነን ሰነበትን፤ ባባ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ፤ ሁለታችንም አንዳችን ለሌላው ብለን።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ባባ ግቢውን አስጠርጎ ምንጣፍ ሲያስነጥፍ አገኘሁት። ኢማሙ መጥተዋል፤ ሽማግሌዎቹ በማንጎው ሥር ተቀምጠዋል። ሮጬ እጁን ያዝኩት።

«ባባ፣ ቃሉ እኮ አለች።»

«አለች» አለኝ። «ግን የጻፍሻት አንቺ ነሽ። የእሱ እጅ ብትሆን ኖሮ እስክሞት እጠብቅ ነበር።»

ከዚያ ኢማሙ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። የአንተን ስም ጠሩ፤ የሳሊማን ጠሩ፤ የልጆቿንም አንድ በአንድ ጠሩ። እኔ ያንን ቆሜ መስማት አልቻልኩምና ወደዚህ መጣሁ።

ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ብሮውዘሩን ከፈትኩት። ዓይኔ እንደ ልማዱ ከቀኝ ጀመረ፤ የቤት ምልክቷ አለች። ብጫናት ወደ መጀመሪያው ገጽ ወሰደችኝ። ከዚያ በላይ የምትመልሰኝ ቦታ የላትም። ኸድራ በሩን እያንኳኳች ነው፤ «ኢቲዳል፣ ነይ ውጪ፣ ባባሽን ብቻውን አትተዪው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ እሄዳለሁ።

ከመነሳቴ በፊት ግን በረድፉ መጨረሻ ላለችው ቃልህ መልስ አልሰጠሁህም ነበር። እንደ ድሮው አደረግሁ። «ነገ እንነሳለን» የሚለውን ሰርዤ በቦታው መልሴን ተካሁ። ስልክህን የያዘው ሰው አማርኛ አያነብም፤ ቢያነሳው ደግሜ አልሰቅለውም። ሻንጣህን ሳስር አፌ ላይ የቀረውን ነው የጻፍኩልህ፤ «አትሂድ»።

እህትህ ኢቲዳል
አሶሳ፣ ከሱቃችን