የአቶ ችኮላ ቁልፍ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ ከሥራ መልስ

እንቁራሪቷን ዘይት ቀባኋት። አሁን ትዘላለች። ከሁሩታ ገበያ በአዲሱ ሹራቤ ለውጬ ያመጣኋት የቆርቆሮ መጫወቻ ናት፤ ሻጯ የሳቀችብኝ ሳቅ ገና ከጆሮዬ አልወጣም። ትሳቅ። ሆዷ ላይ የፋብሪካው ጽሑፍ አለ፤ ቀለሟም የዱሮ ነው። እንዲህ ያለ ዛሬ አይሠራም።

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ሰው መጣ። አቶ ግርማ ይባላል። የመንግሥት እርሻ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አሰላ ሲመጣ ጎረቤታችን ዘንድ ያድራል። የዱሮ መጫወቻ እንደምሰበስብ ሰምቶ ነው አለ። ከማን ሰማ? ቢሮ ያሉት «ታይፒስቷ አሻንጉሊት ታቅፋ ታድራለች» እያሉ እንደሚቀልዱብኝ አውቃለሁ። እሱን ግን ምን አገባው?

መደርደሪያውን አሳየሁት። እንቁራሪቷን አላያትም። ከበሮ መቺውን ጦጣም አላየው። ቀጥ ብሎ ወደ ቆርቆሮው ሞተረኛ። የታ. ሞተረኛ! (የወንድሜን ስም ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከጠፋ ወዲህ ቤታችን ተደጋግሞ ተፈትሿል።) ይሽጡልኝ አለ። አይሸጥም አልኩት።

የዱሮ ዕቃ የሚወድ ሰው መጀመሪያ ገልብጦ ሆዱን ያያል። ይሄ አላየም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ተመልሶ መጣ። በካርቶን አዲስ ሞተረኛ ይዞ! ያው ፊት፣ ያው ቀይ ኮፍያ። ፋብሪካው የዱሮውን እንደገና ማውጣት ጀምሯል አለ። አዲሱን ይውሰዱ፣ አሮጌውን ይስጡኝ።

በእጄ መዘንኩት። ቀላል። ጎማው ፕላስቲክ። ቀለሙ ይጮኻል። መጠምዘዣ ቁልፍ ደግሞ የለውም። ረስቼው ነው አለ። ካርቶኑን ይዞ ቁልፉን የሚረሳ?

አዲስ ሰጥቶ አሮጌ የሚወስድ ጤነኛ ሰው አላየሁም። ከእኔ በቀር።

እማዬ ሻይ አቀረበችለት። ዓይኗን ሞራ ስለጋረደው መልኩን አታይም፤ ድምፁን ግን ወደደችው። አገርህ የት ነው፣ እናት አለችህ ወይ፣ ጥያቄው አያልቅም። በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። የምትሰማኝ አይደለችም።

ኅዳር 7፣ እሑድ

እማዬ እንደ ልማዷ ከቅዳሴ መልስ ሞተረኛውን ጠመዘዘችው። ዋናውን ቁልፍ ታ. አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለው ነው የሄደው። እኛ የምንጠመዝዘው ሰዓት ሠሪው ከሰርዲን መክፈቻ ባበጀልን ነው። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ይሄዳል፤ የፊት ጎማው ጠማማ ስለሆነ ወደ ግራ ይዞራል፤ ቋ ብሎ ይወድቃል። ያን ጊዜ እማዬ ትስቃለች። በልጅነታችን አቶ ችኮላ ያልነው ለዚህ ነበር። ስሙ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም።

ከሰዓት የቀበሌው ሊቀ መንበር መንገድ ላይ አስቆመኝ። ወንድምሽ አይጽፍም ወይ አለኝ፣ እየሳቀ። አይጽፍም አልኩ። በዚሁ ሳምንት ደግሞ ሹፌሩ የወንድሜን መጫወቻ ካልወሰድኩ ይላል። ሞኝ መሰልኳቸው እንዴ?

ኅዳር 11፣ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

አቶ ግ. ቢሮ በር ላይ ጠበቀኝ። ቁልፉ ተገኘ ብሎ በክር የታሰረ ነገር እጄ ላይ አኖረ። እሑድ እመጣለሁ አለና ሄደ። አዲስ ቁልፍ አይደለም። ዝጓል።

12 ሰዓት፣ ቤት

የታ. ነው። ታ. ሲጨንቀው እያኘከ ጥርሱ የቀረበት ቁልፍ። አቶ ችኮላ ላይ ገጠምኩት፣ ልክክ አለ። አለቀስኩ።

እንባዬ ሳይደርቅ ጥርጣሬዬ ባሰ። ቁልፍ ከአንገት ይወሰዳል። ከታሰረ ሰው አንገት፣ ከሞተ ሰው አንገት። አሮጌውን ከሰጠሁ ከወንድሜ ጋር እገናኛለሁ ብዬ መፈረሜ ነው። ካልሰጠሁ፣ የላከው በእውነት እሱ ከሆነ፣ የወንድሜን እጅ ባዶ መለስኩ። እማዬን ማማከር አልችልም፤ ደስታዋን እድር ላይ ታወጣዋለች። ማስታወሻዬ፣ ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺም ትነበቢያለሽ።

ኅዳር 14፣ እሑድ ጠዋት

እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሳለች መጣ። ሻይ አላቀረብኩም። ይሄ ሞተረኛ ስም ነበረው፣ ማን ይባላል አልኩት። ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ሳቀ። «አቶ ችኮላ። ዛሬም ወደ ግራ ነው ወይ የሚወድቀው ብሎሻል።»

መርማሪ ብዙ ይጠይቃል። የመጫወቻ ስም ግን አይጠይቅም።

ታ. በሕይወት አለ። ድንበር ማዶ። ልጅ ወልዷል፤ ወንድ። አቶ ግ. አዲሱን ገዝቶ ሊወስድለት አስቦ ነበር፤ ሕፃን ምን ይለያል ብሎ። ታ. እምቢ አለ። አዲሱ አይወድቅም፣ የማይወድቅ ምን ያስቃል! ቁልፉን መጀመሪያውኑ ለምን አላሳዩኝም ስለው አፈረ። የመንግሥት ታይፒስት ነሽ፣ ፈራሁሽ አለ። እሱም እኔን ሲጠረጥር ከርሟል።

አቶ ችኮላን ከነቁልፉ በሻርፔ ጠቅልዬ ሰጠሁት። አዲሱን በቦታው አቆምኩ። መደርደሪያዬ ላይ አዲስ ዕቃ! ሳየው ያንገሸግሸኛል። ለእማዬ ዘይት ቀብቼዋለሁ፣ ይድረቅ አልኳት።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ዛሬ ጽዮን ናት። እማዬ ከንግሥ ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሞተረኛዬን አምጪ አለች። ማምለጫ የለም። አዲሱን ሰጠኋት። በሰርዲን መክፈቻዋ ጠመዘዘችው፣ ለቀቀችው።

ጠረጴዛውን ቀጥ ብሎ አቋረጠ። ጫፉ ላይ ያዝኩት።

እማዬ ቋ የሚለውን እየጠበቀች ጆሮዋን አዘነበለች። አልመጣም። እጇን ዘረጋች፤ ሰጠኋት። ጎማውን በጣቷ ዳበሰች፣ ኮፍያውን ዳበሰች። ጎማውን አስጠግኜው ነው ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ደረሰለት?»

መዋሸት አቃተኝ። ገና መንገድ ላይ ነው እማዬ አልኳት። የልጅ ልጅ እንዳላት ስነግራት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። እኔ እድር ላይ ታወራለች ብዬ የፈራኋት ሴት! ሻይ ባቀረበችለት ቀን የቁልፉ ክር ከእጅጌው ወጥቶ እጇን ነክቶት ኖሮ፤ ታ. ሲሄድ ፈትላ ያሰረችለት የራሷ ክር ነው። እስካሁን ዝም ያለችው እኔ እንዳልፈራ ብላ ነው።

አሁን ጓዳ ሆና ትጠራኛለች። ስለ ልጁ ደግመሽ ንገሪኝ ትላለች። ማስታወሻዬ፣ የማወራው ሰው አገኘሁ፤ ፈታሽ እንዳያገኝሽ ምድጃውም ነዷል። አትቀየሚኝ።