በቡና ውሃ የጠቆረው ካርቡሬተር

ሚዛን ተፈሪ
የካቲት 4 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትህን እጠይቃለሁ። የማሻ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህንስ ተሻለህ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ጥፍሬ ሥር ከገባው ጥቁር ቅባት በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ጋራዡም ደህና ነው፤ የሚያፈሰውን ጣሪያ አሳድሻለሁ። እትዬ አስካለች በአጥሩ በኩል በየቀኑ ስለ አንተ ይጠይቁኛል፤ አሁንም ሳታገባ መቅረትህን የእኔ ጥፋት አድርገውታል።

ስልክ ያልደወልኩት ስንፍና ይዞኝ አይደለም። ስለዚያ ነገር ገና አፌን ስከፍት “ኔትወርክ የለም” ብለህ ትዘጋብኛለህ። መቼስ ማሻ ላይ ኔትወርክ የሚጠፋው እኔ የባዘዘውን ስም ስጠራ ብቻ ነው። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ማር ነጋዴዋ ሆሳዕና በእጅህ እንድትሰጥህና አንብበህ እስክትጨርስ ከአጠገብህ እንዳትነሳ ቃል አስገብቻታለሁ፤ ስለዚህ አትድከም፣ አንብበው።

የባዘዘውን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ። አንተም ታውቃለህ። ሰባት ዓመት ሙሉ እያወቅክ ዝም አልከኝ።

እኔ ያወቅኩት ግን አሁን ነው። ያን ጊዜ፣ በ2002 ኅዳር ላይ፣ ለአክስታችን ለቅሶ ቴፒ ስትሄድ የግብርና ቢሮውን ሞተር ትተህልኝ ነበር፤ የቢሮው ሠራተኛ ባዘዘው ገበሬ ለገበሬ የሚዞርበትን። ካርቡሬተሩን ፈትተሽ በቤንዚን እጠቢው፣ ቀዳዳዎቹን ንፊያቸው፣ የውጭ መልኩን እኔ መጥቼ እመልሰዋለሁ አልከኝ። የአንተን አሠራር መቼም አልረሳውም። ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ታፈላለህ፣ ካርቡሬተሩን ትነክራለህ፣ አባታችን ሆይ ሦስት ጊዜ ትደግማለህ፣ አሜን ስትል ታወጣዋለህ። ከዚያ በላይ አንድ ደቂቃ አታቆየውም። እኔ ግን አንተን ማስደነቅ አማረኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

የቡና ሰሞን ስለነበር ቡና ማጠቢያው ጣቢያ የምትሠራው ንጋቷ ጋ ሄድኩ። የዛገ ባልዲዋ ቡናው በሚብላላበት ኮምጣጣ ውሃ ውስጥ ከርሞ ጸድቶ ሲወጣ አይቼ ነበር። ሎሚም ይኮመጥጣል፣ የቡና ውሃም ይኮመጥጣል፣ ምን ልዩነት አለው አልኩ። አንድ ጄሪካን ቀድቼ መጥቼ ካርቡሬተሩን ከነሆድ ዕቃው ነከርኩት። አባታችን ሆይም አልደገምኩም። በማግስቱ ሳወጣው ጥላሸት መስሏል።

ደንግጬ ብርጭቆ ወረቀት አነሳሁ። እስኪያብለጨልጭ ፈተግኩት። ውጭውን ብቻ ፈትጌ ብተወው ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልህም ነበር። ውስጥ ያለውን ትንሹን በርሜልም ፈተግኩት፤ ጋዝ ሲሰጡት ወደ ላይ የሚወጣውን፣ ሲለቁት የሚወርደውን። ይህ በጨርቅ ብቻ ነው የሚጠረገው፣ ከተጫረ አንድ ቀን ሽቅብ እንደወጣ ተይዞ ይቀራል ብለኸኝ ነበር። ረሳሁት እንዳልልህ አልረሳሁትም። አንድ ጊዜ ምን ያደርገዋል ብዬ ነው።

አንተ ስትመጣ ገጥሜ ጨርሻለሁ። ምነው እንደ ማንኪያ አብለጨለጭሽው፣ ካርቡሬተር እኮ መልኩ የደመና ቀን ነው ብለህ ሳቅክብኝ። ባዘዘው ደግሞ ቸኩሎ ነበር፣ የጋዙን ገመድ ብቻ አንተ አጥብቀህለት ወስዶት ሄደ። በሦስተኛው ቀን የሸዋ ቤንች ቁልቁለት ላይ ጋዙ ተይዞ ቀረና ከነሞተሩ ገደል ገባ። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

አንተ ሆስፒታል ደርሰህ ተመለስክና በር ላይ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ የእኔ እጅ ጥፋት ነው አልክ፤ ገመዱን መስሎኝ እኔም አመንኩህ። ደንበኛ አንድ በአንድ ቀረ። በሁለተኛው ወር የጋራዡን ቁልፍ እጄ ላይ አኖርክና የቤንዚን ሽታ ሰለቸኝ ብለህ ማሻ ሄደህ የእህል መጋዘን ጠባቂ ሆንክ። እኔስ ምን አልኩህ? ፈሪ አልኩህ። ሰው ይሳሳታል፣ አንተ ግን ትሸሻለህ ብዬ በሩ ላይ ጮህኩብህ። ቦርሳህን አንስተህ አንገትህን ደፍተህ ሄድክ። ወንድም ጋሼ፣ ይቅር በለኝ። ከዚህ ሌላ የተሻለ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

እንዴት እንዳወቅኩ ልንገርህ። ጥቅምት ላይ ቢሮው መጋዘን ውስጥ የቆዩ ሞተሮችን በጨረታ ሲሸጥ ባዘዘው ያንኑ ሞተር ገዛው። ከተማው ሳቀበት፤ እግሩን የሰበረውን ሞተር የሚገዛ ሰው አላየንም አሉ። ሌሎቹ ጋራዦች አንነካውም ሲሉት እያነከሰ እየገፋ እኔ ጋ አመጣው። ለምን ገዛኸው ስለው ሰባት ዓመት ስጠላው ኖሬ ደከመኝ አለኝ።

ካርቡሬተሩን ስፈታ እሱ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ያወራኛል። በርሜሉን ሳወጣው ጭረቱ እንዳለ አለ፣ ዙሪያውን። አንተ ስትፈትግ ሽቅብ ቁልቁል ነው፤ ክብ ክብ የምፈትገው እኔ ነኝ። ካቻቢቴዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። እሱ ግን አላየኝም፣ ወሬውን ቀጠለ። ወንድምሽ እኮ አለኝ፣ በወደቅኩ ማግስት በጠዋት ሞተሩ የገባበት የቢሮው መጋዘን ሄዶ ይህንኑ ነገር ፈቶ አየው፣ መልሶ ገጠመው፣ ከዚያ ጥበቃው ፊት እንደ ልጅ አለቀሰ። ቀጥሎ እኔ አልጋ አጠገብ መጣና ደህና አደርክ እንኳ ሳይለኝ፣ ጥፋቱ የእጄ ነው፣ ሌላ ማንንም እንዳትጠይቅ አለኝ።

ራሴን አመመኝ ብዬ ሰደድኩትና በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለእኔ ስትል ስምህን እንዳጎደፍክ ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ ግን ሥራዬን ሠራሁ። አንተ እንዳስተማርከኝ ሠራሁት። ሎሚ ጨመቅኩ፣ ውሃ አፈላሁ፣ አባታችን ሆይ ሦስት ጊዜ ደገምኩ፤ ሦስተኛው ላይ “በደላችንን ይቅር በለን” የሚለውን ሁለት ጊዜ አልኩት እንጂ አላጎደልኩም። በሶዳ ውሃ አለቀለቅኩት፣ በጥርስ ብሩሽ ጥጋጥጉን ጠራረግኩት፣ ብርጭቆ ወረቀት አጠገቡ አላደረስኩም። በርሜሉን ከጅማ አዲስ አስመጣሁ። የቡናው ውሃ የበሳሳው ቦታ ነጠብጣቡ አልጠፋም፤ መልኩ ግን ተመለሰ። ብታየው ታውቀዋለህ፣ ልክ የደመና ቀን። እንዲህ ያለ ሥራ ሚዛን ላይ ከእኔ በቀር የሚሠራ የለም፤ ጉራ ካልከኝ መጥተህ እይ።

ባዘዘውን ከኋላዬ ተቀመጥ አልኩትና ወደዚያው ቁልቁለት ነዳሁት። ትከሻዬን እንዴት አድርጎ እንደጨበጠው አትጠይቀኝ። ኩርባው ላይ ጋዙን ሰጠሁት፣ ለቀቅኩት፣ ወዲያው ወረደ። እንደገና ሰጠሁት፣ እንደገና ወረደ። ታች ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቼ ሁሉንም ነገርኩት፦ ጄሪካኑን፣ ብርጭቆ ወረቀቱን፣ አንተን። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተሰበረውን እግሩን አሸ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ተነሳና፣ ስንመለስም አንቺው ንጂ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይመጣል። ካርቡሬተሩን እይልኝ ይላል፤ ከፍቼ ሳየው አቧራ እንኳ የለውም። ሰውዬ ንጹሕ ካርቡሬተር ሲከፈት ሲዘጋ ብሎኑ ያልቃል እለዋለሁ፣ እሱ ግን ጎማው ላይ ተቀምጦ ይስቃል። እትዬ አስካለች አጥሩ ላይ ቀዳዳ ያበጁ ይመስለኛል።

አሁን የምልህን ልብ ብለህ ስማ። የፊታችን ቅዳሜ ሦስት ሰዎች ከዚህ ተነስተው አንተ ጋ ይመጣሉ፤ ታላቃቸው ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው። ኮት ለብሰው በር ላይ ቢቆሙና ተቀመጡ ስትላቸው አንቀመጥም ቢሉህ እንዳትደነግጥ። ስለ እግር አይደለም የሚመጡት። እንደ ወጉ ቶሎ እሺ አትበላቸው፤ ዘመድ ላማክር በል። ዘመድህ እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ተማክሬ ጨርሻለሁ።

ለመልስ ቀጠሮ ሲጠይቁህ ግን ማሻ እንዳትላቸው። ቤቴ ሚዛን ነው በላቸው፣ ጋራዡ ጀርባ፣ ለዳግም ትንሣኤ እዚያ ታገኙኛላችሁ በላቸው። ቆመው የለመኑህን ሰዎች እዚያ በገዛ በርህ ላይ ተቀበላቸው፣ ከተማውም ይይህ። ለምን ሄዶ እንደነበር ለጠየቀኝ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ እውነቱን እየነገርኩ ነው፤ ደንበኞችህም መቼ ይመጣል እያሉኝ ነው።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፣ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ለእኔ የሆንክልኝን እሱ በእጥፍ ይሁንልህ።

በአባት ወግ የምትቆምላት
እህትህ