በኖራ ስለ ነጣው የጓሮዬ ጉድጓድ

እሑድ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ አሰላ። ከጭላሎ የወረደው ጉም እስከ አራት ሰዓት አልተነሣም፤ ከዚያ በኋላ ካፊያ። በቀበሌው አዳራሽ የተገኙ፦ ሊቀ መንበሩ ጓድ ደመቀ፣ የእርሻ ባለሙያው ጓድ ፍሰሐ፣ የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ ጓድ የሺሃረግ፣ ስማቸው በመዝገብ የተጠራ አርባ ሦስት የቤት እመቤቶች፣ እኔም ከኋላ ከበሩ አጠገብ።

ለተከበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ደመቀ፣

ጤናዎ ከድምፅ ማጉያዎ በተሻለ ሳይቆራረጥ እንዲዘልቅ፣ ቤተሰብዎም በደኅና እንዲሰነብት እየተመኘሁ፣ «ቀላል የቤት ውስጥ ለውጦች ለአካባቢያችን ልማት» በሚል ርእስ ዛሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ስለሰጡን ትምህርት በቅድሚያ ላመሰግንዎት እወዳለሁ። በአዳራሹ ውስጥ እጄን አውጥቼ መናገር የሚገባኝን በወረቀት ማድረጌ ንቀት አይደለም፤ በሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ፊደል የለየሁት ግድግዳችን ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣና ስኳር ከተጠቀለለበት ወረቀት ስለሆነ፣ ዐረፍተ ነገሬ የጎደለው ነገር ቢኖር ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀዶ ነበር ማለት ነው።

የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ሳይደፋ ጎመን እንዲጠጣው፣ የድንች ልጣጭ ከአመድና ከገብስ ገለባ ጋር እየተደረበ ማዳበሪያ እንዲሆን፣ ምድጃው በጭቃ ተከድኖ በሦስት እንጨት ፋንታ በአንድ እንዲበስል፣ ባዶ የወተት ቆርቆሮም ችግኝ እንዲፈላበት አስተምረውናል። ከቦኖ ተሰልፈን በእንስራ በጀርባችን የምናመጣውን ውሃ እንዳናባክነው የሚመክረን ሰው በማግኘታችን ዕድለኞች ነን። ያስተማሩት ሁሉ እውነት ነው። እውነት መሆኑን የማውቀው ከእኔው ጓሮ የተወሰደ ስለሆነ ነው። አቤቱታዬ ከዚህ ቀጥሎ በተራ ቁጥር ቀርቧል።

አንደኛ፣ ጓሮው። ባለቤቴ ወልደ ጊዮርጊስ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ እኔና እናቱ የምንኖረው ከዚያ ጓሮ በሚወጣው ጎመን፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ነው። መሬቱ ቀይ ጭቃ ነበር፤ ጉድጓድ ቆፍሬ የቤቱን ጥራጊ ሁሉ እያበላሁ፣ በየሦስት ሳምንቱም እያገላበጥኩ፣ ጥቁር አፈር አደረግሁት። የካቲት ላይ ጓድ ፍሰሐ መጥተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው «እትዬ አባይነሽ፣ ይህን ማን አሳየዎት?» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ አንድ እቅፍ ጎመን ቆርጬ ሰጠኋቸው። በሁለተኛው ሳምንት ጓሮው «ሞዴል ጓሮ» ተብሎ ለሴቶች ማኅበር መወሰኑን አጥሬ ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ አነበብኩ። «በጓድ ሊቀ መንበር ቀጥተኛ አመራር የተዘጋጀ» ይላል። አመራርዎ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጓሮዬ ውስጥ ሲመላለስ አለማየቴ የንቃት ማነስ ነውና ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንዳልገባበትም ከወጥ ቤቴ ወደ ጓሮው የሚያስወጣው በር በሚስማር ተመታ።

ሁለተኛ፣ ኖራው። የአውራጃ እንግዶች ሊመጡ ነው በተባለበት ዋዜማ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደሚደረገው፣ የመንገዱ ዳር ድንጋይ፣ የአጥሩ ግንድ፣ የግራዋ ዛፌ እግር ሳይቀር በኖራ ተለቀለቀ። እስከዚህ ድረስ ለምደነዋል፤ ባለፈው ዓመት የጎረቤታችን የሰኪና በግ ግድግዳ ተጠግታ ቆማ ግማሽ ጎኗ ነጥቶ ቤቷ ገብታለች። በዚህ ጊዜ ግን ጉድጓዱ ጥቁር ሆኖ ዓይን አስቀየመና ሁለት ጆንያ ኖራ ተነሰነሰበት፤ ውሃም ተቸለሰበት። ጎረቤቴ ሀጂራ በአጥር አሻግራ አይታ «ኧረ አባይነሽ፣ ነይ ውጪ! ጉድጓድሽን ከፈኑት እኮ!» ብላ ጠራችኝ። በእሷ ግቢ ዞሬ ስደርስ ትሉ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ ደርቋል። እነዚያ ትሎች አፈሩን የሚሠሩልኝ ነበሩ፤ ስብሰባ ስለማይወጡ ስማቸው በመዝገብዎ አልሰፈረም።

እንግዶቹም በማግስቱ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆመው «እንዴት ንጹሕ ነው! ምንም አይሸትም እኮ!» እያሉ አጨበጨቡ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ በሕይወት ያለ ጉድጓድ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል፤ ምንም የማይሸተው የሞተው ነው። እርስዎ ይህን ባያውቁ አልፈርድብዎትም። ጓድ ፍሰሐ ግን ያን ጊዜ የጫማቸውን ጫፍ ያዩ ነበር። እሳቸው ያውቃሉ፤ ከሁሉም ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ሦስተኛው አጭር ነው። በጓሮዬ በተሰጠው ትምህርት ላይ አልተገኘችም ተብዬ በቀሪነት ተመዝግቤአለሁ። በተመታው በር ስንጥቅ በኩል ስከታተል ስለነበር ግማሽ ቀን እንኳ ይታሰብልኝ።

አራተኛና ዋናው፦ ጓሮውን «በሙሉ ፈቃዴ ለዘለቄታው ማስረከቤን» የሚገልጽ ወረቀት ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት መጥቼ እንድፈርም፣ ባልፈርም ስኳርና ጨው የማገኝበት የቀበሌ ሱቅ ደብተሬ እንደሚያዝ ዛሬ በስብሰባው መዝጊያ አስታውቀውኛል። ጓድ የሺሃረግም «አንቺ ጣትሽን ብቻ ይዘሽ ነይ፤ ቀለሙ ከእኛ ነው» ብላ አዳራሹን አስቃለች። ስለ ቀለሙ አመሰግናለሁ። ነገር ግን አሁን በበልጉ ዝናብ ድንች ካልተከልኩ፣ ክረምቱን እኔና የሰባ ስምንት ዓመቷ አማቴ የምንቀምሰው የለም። ሰሌዳ ተቀቅሎ አይበላም።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሰሌዳው ባለበት ይሁን፤ ስሙም የእርስዎ ይሁን፤ እንግዳ ሲመጣም ዳር ቆሜ አጨበጭባለሁ። ጓሮዬን ብቻ ይመልሱልኝ።

ከድንጋዩ ሁሉ ይልቅ የነጣውን ሥራዎን በማድነቅ፣ የሚቀጥለው ጉብኝት ኖራም እኔ ዘንድ ሳይደርስ እንዲያልቅ በመጸለይ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣው፣

በመዝገብዎ ቀሪ የሆንኩት
አባይነሽ ወልደጻድቅ

ግልባጭ፦ ለጎረቤቶቼ በሙሉ፤ በቀበሌው ሱቅ በር ላይ።

ድኅረ ጽሑፍ። ሰኞ፣ ሚያዝያ 10። ደብዳቤው ሳይለጠፍ በፊት ይህ እንዲጨመርበት ግድ ሆኗል።

ዛሬ ጠዋት በሁለት ሰዓት ጽሕፈት ቤትዎ ቀረብኩ። ጓድ የሺሃረግ የማኅተሙን ቀለም ከፍታ ወደ እኔ ገፋችልኝ። ወረቀቱን አንሥቼ ከራስጌው እስከ ግርጌው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። እርስዎም «ማንበብ ትችያለሽ እንዴ?» ሲሉኝ፣ ብዕርዎን ተውሼ ከታች «አላስረከብኩም» ብዬ ጻፍኩና ሙሉ ስሜን ፈረምኩበት። የሱቅ ደብተሬን፣ መጥተው የሚወስዱበትን ድካም ልቀንስልዎት ብዬ፣ ጠረጴዛዎ ላይ ትቼ ወጣሁ።

ከአናጢው ከከዲሮ ጉጠት ተውሼ የጓሮዬን በር ሚስማሮች ነቀልኩ፤ አምስት ነበሩ። ኖራውን ከጉድጓዱ አፍ በአካፋ ገፍፌ፣ የሕዝብ ንብረት ስለሆነ አንዲት ማንኪያ ሳላስቀር በጆንያ ሞላሁት። ሀጂራ ቢስሚላሂ ብላ አንዱን ጫፍ ያዘችልኝና ተጋግዘን ወስደን ጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ አስቀመጥነው። ከነትሉ ነው። ከዚያ ተመልሼ እስከ ስድስት ሰዓት ሁለት መደብ ድንች ተከልኩ።