መኪናዬ ውስጥ ያወራሁት

ቅዳሜ፣ ጥር 15 ቀን 1996 ዓ.ም.

ከሳሪስ ቃሊቲ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። የጭነት መኪና ተሳቢ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። አንድ የሚኒባስ ሾፌር «እናትዬ፣ ይቺን መኪና ሸጠሽ በግ ግዢበት!» ብሎኝ በዳር ሾልኮ አለፈ። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ ጋሽ ተካልኝ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

የምንመለሰው መጽሐፋቸውን ካነበቡበት አዳራሽ ነው። ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሳደርሳቸው፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ያጫወትኳቸውን ሁሉ ለሰው አነበቡት። በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ፊደል መቁጠሬን፣ ባሌ እንዳያየኝ ሽንት ቤት ተደብቄ ማንበቤን። ለሌላ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ስሜን ቀይረው ገረድ አድርገውኛል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ «አይ የሰው ነገር!» እያለች ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። እኔም አብሬ የሳቅሁ መሰለኝ።

ተሳቢው ሲነሳ ጋሽ ተካልኝ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው ዛሬ ዝም አልሽ፣ ዘነቡ? ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምሬያለሁ እኮ። በይ አጫውቺኝ።»

«መንገዱ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዳቸው በራፌ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ጎረቤት ናቸው፣ ጥያቸው አልሄድም። ሬዲዮኑን ግን ጮክ አድርጌ እከፍተዋለሁ።