ድንኳን ተካያችንን አባቴ ብዬ ስለማስመዝገብ

ካዛንቺስ፣ ጥር 3 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ልዑልቃል፣ የሠፈራችን መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ግልባጭ፡- በእድሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆሞ ማንበብ ለሚችል አባል ሁሉ

የተከበሩ ሊቀመንበር፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ እያልኩ፣ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በዕቃ ቤቱ በክብር የተቀመጡት ሁለቱ ጎላ ድስቶችም ደኅና እንደሰነበታችሁ ያለኝን ጽኑ ተስፋ በትሕትና እገልጻለሁ።

እኔ እጸገነት ሃይላይ አስተማሪ ነኝ፤ የእድሩ አባል ከሆንኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ገናን በየዓመቱ አዲግራት እናቴ ዘንድ ነበር የማከብረው። ዘንድሮ እናቴን አስቀይሜ እዚሁ የቀረሁት፣ ከሦስት ጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ከኡራኤል እስከ ስታዲየም በየበረንዳው ለሚያድሩ አርባ ያህል ሰዎች የበዓል ምሳ ለማብላት ነው። ለዚህም ድስቶቹንና ድንኳኑን ለአንድ ቀን እንዲያውሱን በጽሑፍ ጠየቅን። የሰጡን መልስ ልቤን ስላቃጠለው፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በደንባችን መሠረት የእድር ዕቃ ለለቅሶ እንጂ ለደስታ እንደማይወጣ፣ የተራበ ማብላትም ከደስታ እንደሚቆጠር ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉ ሰዎች እርስዎን ስለማያውቁ ነው። ባለፈው ጥቅምት በልጅዎ ቅልቅል ያው ድንኳን ደጅዎ ላይ ሦስት ቀን ሲቆም ማን ሞቶብዎት እንደነበር ግን እስካሁን አልተነገረንም፤ ዘግይተንም ቢሆን ነፍስ ይማር እንላለን።

2. ምሳውን ከአምስት ቤት በለቃቀምናቸው ድስቶች ሠራን። አርባ ያልነው ሰው ስልሳ ሆኖ መጣ፤ ወጡ ሰልፉ ሳይጋመስ አለቀ። ሰልፉ የተደገፈው የእድሩን ዕቃ ቤት ግድግዳ ነበር። ባዶ ሳህን ይዘው የቆሙ ሰዎች ፊት፣ ትልቋ ሴትዮ፣ እንደ ተማሪዎቼ አለቀስኩ። ድስቶቹ ከግድግዳው ወዲያ ነበሩ። ስለ ጥበቃው አሁንም እናመሰግናለን።

3. ከሰልፉ መጨረሻ ጋሽ ወልደአረጋይ ቆመው ነበር፤ እርስዎ በልጅዎ ዕድሜ ያሉ ይመስል «አንተ ወልዴ» የሚሏቸው ሽማግሌ። ለማያውቋቸው አባላት ለማስታወስ ያህል፣ ስምንት ዓመት ሙሉ በየለቅሷችን ድንኳን የተከሉት፣ ካስማ የመቱት፣ ድስቶቹን በአመድ የፈተጉት እሳቸው ናቸው። የሚያድሩትም እዚያው ዕቃ ቤቱ በረንዳ ላይ ነው። የእናትዎ ለቅሶ በነሐሴ ዝናብ ሲሆን ነፋሱ ምሰሶውን ነቅንቆት፣ ለቀስተኛው በልቶ እስኪነሣ በትከሻቸው ደግፈው የቆሙት እኚሁ ሰው ነበሩ። እንደ ዘበት ረስተውት ይሆናል።

ጋሽ ወልደአረጋይ ከመጨረሻው ድስት ጥራጊ ቀመሱና፣ ሽንኩርቱ ጥሬ ነው ብለው ወቀሱን። አፋቸው እንደሁ ለማንም አይመለስ! ለዚህ ሁሉ ሰው ትልቁን ጎላ ነበር ማውጣት፣ ደግሞ አጥቤ ከደፋሁት ሳምንቱ ነው አሉ። መከልከላችንን ስነግራቸው ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉም ደም ይዞ መጣ። ጎረቤቴ ተስፋለም በታክሲው ሆስፒታል አደረሰልን።

4. እዚያ የበሽተኛው ቤተሰብ ማን ነው ሲሉ ዙሪያዬን ባይ ማንም የለም። ልጃቸው ነኝ አልኩ። አባቴን በስድስት ዓመቴ ያጣሁ ሰው ነኝና ቃሉ ለአፌ እንግዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእድሩ አንድ ሰው መጥቶ አልጠየቃቸውም። ትናንት ግን መልእክተኛዎ በሬን አንኳኳ፤ እሰይ፣ አስታወሷቸው ብዬ ተደሰትኩ። ለካ እትዬ ስመኝ አርፈው ኖሮ ድንኳን የሚተክል ጠፍቷል! እኔም ሞኟ ይህንኑ ለበሽተኛው ነገርኳቸው። አበስኩ ገበርኩ፤ ጫማዬን አቀብዪኝ ብለው ተነሡ። ሁለት ነርሶች ናቸው ይዘው የመለሷቸው።

አቶ ልዑልቃል፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ አለቀ። አያሳፍርም? ስምንት ዓመት ሙታናችንን የሸኘ ሰው በቁሙ አንድ ጭልፋ ወጥ ይነፈጋል? እግዜርስ ምን ይለናል?

ወደ ጨዋ አነጋገሬ ልመለስ። በአባልነት ቅጼ ላይ «አባት» የሚለው መስመር ዘጠኝ ዓመት ባዶ ነው፤ ጋሽ ወልደአረጋይ እንዲጻፉበት አመለክታለሁ። አዲስ ተመዝጋቢ ስድስት ወር ሳይሞላው ቢሞት እድሩ እንደማይወጣ አውቃለሁ። ሐኪሙ ስድስት ወሩን ሊያረጋግጥልኝ አልቻለም። ስለዚህ ደንቡ ስምንቱን ዓመት እንዲቆጥርላቸው፣ ካልቆጠረም እርስዎ ሆስፒታል ድረስ መጥተው፣ አልጋቸው አጠገብ ቆመው፣ ቶሎ እንዳይሞቱ በራስዎ አንደበት እንዲያሳስቧቸው እጠይቃለሁ።

ለቋሚ የማይከፈተውን በር በታማኝነት ለሚጠብቁት ለእርስዎ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የወልደአረጋይ ልጅ፣
እጸገነት

ከፊርማ በኋላ የታሰበ፡- ዛሬ ረፋድ የእትዬ ስመኝ ድንኳን ለቀስተኛው ላይ መጋደሙን ሰማሁ። ጋሽ ወልደአረጋይም ሰምተው ምሳቸውን አልበላም አሉ። አጭሩ ምሰሶ መሐል አይገባም፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያለው ገመድ ነው ቀድሞ የሚታሰረው፣ ሥሩ ሰው አለና ፈጥነሽ ንገሪያቸው ብለውኛል። የላኩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ብሆን አልነግርዎትም ነበር።