ያልወጣው ታካሚ

ውድ አባቴ፣

በቀበርንዎ በሳምንቱ ስልክ ተደወለ። አልጋ ላይ ትተነው የሄድነው ሰው እንዳለ ተነገረን።

ስልኩን ያነሣችው እማዬ ናት። ደዋዩ ንፋስ መውጫ ከተማ እርስዎ የሞቱበት ክሊኒክ ሂሳብ ያዥ፣ ዘካርያስ ነው። «ወልደ ሩፋኤል የሚባል ታካሚያችሁ ገና አልወጣም። ሂሳቡ እየቆጠረ ነው፤ መጥታችሁ ክፈሉ» አላት።

እማዬ ስልኩን ሳትዘጋ ወደ እኔ ዞረች። «አልወጣም ይሉኛል። ውሃ ማን እያቀበለው ይሆን?»

የመቃብርዎ አፈር ገና አልደረቀም። ተምሬያለሁ የምለው እኔም የሚገቡ መስሎኝ በሩን አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአርብ ገበያ አምጥተን ክሊኒኩ ያደረስንዎ ዕለት እኔ የመመዝገቢያው መስኮት ጋ ቆሜ «ታፈረ» ብዬ ካርድ አወጣሁ። ነርሷ ደግሞ አልጋው አጠገብ እማዬን «ስማቸው ማነው?» አለቻት። ጠበል ቦታ ቄሱ በሽተኛውን የሚጠሩት በክርስትና ስሙ ነው። እዚህም እንደዚያው መሰላት፤ «ወልደ ሩፋኤል» አለች። ለአንድ ሰው ሁለት ካርድ ወጣ። ታፈረ ሞተ ተባለ፤ በሬውን ሸጠን የእሱን ሂሳብ ከፍለን አስከሬንዎን ወሰድን። ወልደ ሩፋኤል መዝገቡ ላይ ተኝቶ ቀረ።

ፍትሐት የተደረሰው ግን በወልደ ሩፋኤል ነው። «ቄሶቹ ለአርባው ሲጠሩት፣ እዚያ አልጋ ላይ ሆኖ እንዴት ይሰማቸዋል?» ትለኝ ጀመር እማዬ። እኔም በዓይነ ሕሊናዬ እርስዎን እዚያ አልጋ ላይ ማየት ጀመርኩ፤ አፍዎ እንደተከፈተ።

ተያይዘን ሄድን። ዘካርያስ ድምፁ ለስላሳ ነው። «እህቴ፣ ጥፋቱ የእናትሽ ነው። ሁለት ስም ሰጥታ አምታታችን። መድኃኒቱም የዘገየው በዚሁ ይሆናል» አለ።

እማዬ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብቻ ነው የምትለው።

ሂሳብ አያያዝ ከፍለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ሥራ ግን አላገኘሁበትም። ለእርስዎ ዋለ። የሁለቱን ካርዶች ዝርዝር ተቀብዬ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። ሁለቱም ላይ ያው አልጋ፣ ያው መርፌ፣ ያው ሰዓት፣ የአንዲት ነርስ ፊርማ። የክሊኒኩ ሰዎች አንድ ሰው መሆንዎን ያውቁ ነበር። መድኃኒቱም በታዘዘበት ሰዓት ተሰጥቷል፤ ስምዎ ያዘገየው ነገር የለም።

ኦክስጅኑ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። አየር አጥሮዎት ስጮህ «ሲሊንደሩ አልቋል፣ ጠብቂ» ባሉኝ ከሰዓት፣ ኦክስጅን ለታፈረም ለወልደ ሩፋኤልም ተሽጧል። አንድ ጊዜ እንኳ ያልሰጡዎትን ትንፋሽ ሁለት ጊዜ አስከፈሉበት።

በማግስቱ ብቻዬን ተመለስኩ።

«ሁለት በሽተኛ አንድ አልጋ ላይ ታስተኛላችሁ?»

ዘካርያስ ወረቀቱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወልደ ሩፋኤልን እንሰርዘዋለን። ከተከፈለውም እንመልስልሻለን። ነገር አታብዢ።»

«ስለ ገንዘቡ በኋላ። መጀመሪያ ጻፍ፤ ኦክስጅን አልተሰጠም፣ ስሙም ሕክምናውን አላዘገየም።»

«እሱን እኔ አልጽፍም።»

«እንግዲያው አባቴ አልጋውን አይለቁም። እኔም ቁጭ ብዬ አስታምማቸዋለሁ።»

ወንበር ስቤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አዩኝ። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ማን ታሞብሽ ነው?» አሉኝ።

«አባቴ። ቀብረናቸዋል፤ እዚህ ግን ገና ያስከፍላሉ።»

ጠጋ አሉኝ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «እስቲ የኔንም እይልኝ።» ከኋላቸው ያለችው ሴትም የራሷን አወጣች። የሁለተኛውን ሰው ወረቀት ሳልጨርስ ዘካርያስ ጠራኝ። ጻፈ፤ ማኅተምም አደረገበት። በመጨረሻው መስመር «ወልደ ሩፋኤል፤ አርፈዋል» ይላል።

ለእማዬ አነበብኩላት። አስደገመችኝ።

«እኔ አላዘገየሁትም?»

«አላዘገየሽም።»

«ከአልጋው ተነሣ ታዲያ?»

«ተነሥተዋል፣ እማዬ።»

እጇን ታጥባ ወደ ገበታው ቀረበች።

እኔን ግን ያቺ ከሰዓት አልለቀቀችኝም። ሰው ተኝቶ ሲያንኮራፋ እንኳ ተነሥቼ አፉን አያለሁ። ስለዚህ አርብ አርብ ገበያው ዳር እቀመጣለሁ፤ ሰዎች የታጠፈ ወረቀታቸውን ያመጡልኛል። ያልተተነፈሰ አየር የተሸጠበትን መስመር ባገኘሁ ቁጥር ወደዚያ መስኮት እመለሳለሁ። ዘካርያስ ከሩቅ ያውቀኛል። እርስዎ ከእንግዲህ ይረፉ፤ እኔ አላርፍም።

የታፈረም፣ የወልደ ሩፋኤልም ልጅ፣
የኔነሽ