የሁለት መንግሥታት ንብረት ስለሆኑት አሥራ ሁለት እንሰቶች

ዲላ፣ ኅዳር 12 ቀን 1963 ዓ.ም.

ከአሥራ ሁለቱ እንሰቶች ሦስቱ አብበዋል።

ለክቡር የሩቅ አገሮች የሳይንስ ትብብርና የነጻ ትምህርት ዕድል ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
አዲስ አበባ።

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎም፣ ምክትልዎም፣ የምክትልዎ ጸሐፊም፣ ከዚህ በፊት የላክኋቸውን አሥራ አንድ ደብዳቤዎች በክብር የያዘው የብረት ሣጥንም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ምኞቴ ነው። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ በጊዜው አቁሟል፤ ቡናው ቀልቶ ለቀማ ላይ ነን። ደህና ያልሆነውን ከዚህ በታች በቁጥር እዘረዝራለሁ፤ ቁጥር የሌለው አቤቱታ ለጽሕፈት ቤትዎ ለንባብ እንደማያመች በአምስተኛው ደብዳቤዬ መልስ ላይ ተገልጾልኛልና። አሥራ ሁለተኛውን ማንም እንዲያነበው በግልጽ የምጽፈው ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም። ያለፉት አሥራ አንዱ ከመጠን በላይ ምስጢር ሆነው ተቀምጠው ይሆናል ብዬ ስላሰብሁ ብቻ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እነሆ። እኔ ዲላ ከተማ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። በሰኔ ወር 1960 ዓ.ም. ዶክተር ላህቲነን የሚባሉ ፊንላንዳዊ የኮሚቴዎን ደብዳቤ ይዘው መጡ። እንሰትን አጠውልጎ የሚገድለውን በሽታ የሚያጠኑ፣ ትሑትና በጣም ረጅም ሰው ናቸው። ጌዴኦኛና እንግሊዝኛ ስለማውቅ ኮሚቴው ያካባቢ ረዳታቸውና አስተርጓሚያቸው አደረገኝ።

ዶክተሩ ይርጋ ጨፌ አጠገብ ባለችው በኮንጋ መንደር የወይዘሮ አልጣሽ ጅግሶን ጓሮ ሲያዩ ቆሙ። በሽታው የጎረቤቱን ሁሉ እንሰት ፈጅቶ፣ ከእርሳቸውም ጓሮ ሠላሳ ያህሉን ጥሎ፣ አሥራ ሁለቱን ግን ሳይነካ አልፏል። ወይዘሮ አልጣሽ ባላቸው ሞቶባቸው አራት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው፤ ከነዚህ አሥራ ሁለት እንሰቶች ሌላ ጎተራ የላቸውም። ዶክተሩ በያንዳንዱ ግንድ ላይ ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ አሰሩና ሌላ የገንዘብ ድጋፍ አግኝተው ለሙከራው እስኪመለሱ ድረስ እንዳይቆረጡባቸው ለመኑ። እኔ ተረጎምሁ። ወይዘሮ አልጣሽም በሽማግሌዎች ፊት፣ ተመልሳችሁ እስክትመጡ ቢላ አላስነካም ብለው ቃል ሰጡ።

በዚያ ሰፈር በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል ሰጪው ስለራበው ብቻ አይፈርስም። የተቀበለው ሰው መጥቶ ወይም ልኮ ለቅቄያለሁ ማለት አለበት። ዶክተሩ አልተመለሱም። እንሰት ደግሞ አንዴ ካበበ አይጠብቅም፤ ጉልበቱን ሁሉ ወደ አበባውና ወደ ፍሬው እየላከ ግንዱም ሥሩም ባዶ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ቢፍቁት የሚገኘው ቃጫ እንጂ ቆጮ አይደለም። ስለዚህ በአሥራ አንድ ደብዳቤ የለመንሁት አንድ መስመር ነው፦ «ወይዘሮ አልጣሽ እንሰታቸውን መቁረጥ ይችላሉ»። ማኅተም ቢኖረው መልካም፤ ባይኖረውም እንቀበላለን።

ወደ ዝርዝሩ ልግባ።

አንደኛ፤ መጀመሪያ የጻፍሁት ለዶክተሩ ለራሳቸው ነበር። በትሕትና መለሱልኝ። እርሳቸው በበኩላቸው ዛሬውኑ ቢለቁ ደስ እንደሚላቸው፣ ነገር ግን አገራችንና ፊንላንድ በተፈራረሙት የሳይንስ ስምምነት አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ቁጥር የታሰረበት ናሙና ሁሉ የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ንብረት ስለሆነ ሥልጣኑ የክቡርነትዎ ኮሚቴ እንጂ የእርሳቸው አለመሆኑን ገለጹ። በኮንጋ ታሪክ እንዲህ ያለ ማዕረግ ላይ የወጣ እንሰት የለምና ስለ ክብሩ እናመሰግናለን። ችግሩ ማዕረጉን ለፍየሎች ማስረዳት አለመቻላችን ነው። ባለፈው ሚያዝያ የጎረቤት ፍየል ከቁጥር ሰባት ላይ ሁለት ቅጠል በላች፤ ጉዳዩን ለአንዱ መንግሥት ላመልክት ወይስ ለሁለቱም በማለት ሳመነታ ቅጠሉ መልሶ በቀለ።

ሁለተኛ፤ ያው ስምምነት አንድ የፊንላንድ ሊቅ ወደ እኛ ሲመጣ አንድ የእኛ ሰው ወደዚያ ሄዶ ስለ እንሰት በሽታ አንድ ዓመት እንዲማር ያዛል። ኮሚቴው ለዚህ ዕድል አቶ ወንድይራድን ከዋናው ጽሕፈት ቤት መርጧል። የእኅትዎ ልጅ መሆናቸው ከችሎታቸው ጋር በአጋጣሚ የተገናኘ እንደሆነ እኔ በበኩሌ አምናለሁ፤ ለሚጠራጠሩ ባልደረቦቼም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። አቶ ወንድይራድ ሄልሲንኪ በገቡ በአራተኛው ወር ጻፉልኝ። በበረዶ ላይ ቆመው የተነሱት ፎቶግራፍ በጣም አምሮባቸዋል። በሚቀጥለው ወር በዩኒቨርሲቲው ስለ እንሰት ንግግር ስለሚያደርጉ፣ እንሰት ምን እንደሚመስል፣ ቁመቱ ስንት ክንድ እንደሆነ፣ የሚበላውም ቅጠሉ ይሁን ሥሩ ባስቸኳይ እንድገልጽላቸው ጠየቁኝ። ሦስት ገጽ ጻፍሁላቸው፤ እንዲያዩት ብዬ የደረቀ ቅጠልም ጨመርሁ። ቅጠሉን የዚያ አገር ጉምሩክ በሽታ ያስገባል ብሎ አቃጠለው። ሦስቱ ገጽ ግን በሰላም ገብቶ፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ ረጅም ጭብጨባ አግኝቷል።

ሦስተኛ፤ ለስድስተኛው ደብዳቤዬ የተሰጠው መልስ፣ ጉዳዩ እንዲታይ የናሙናዎቹ ጠባቂ ስድስት ጉርድ ፎቶግራፍ እንዲያቀርቡ የሚል ነበር። ወይዘሮ አልጣሽ በቡና መኪና ተጭነው ዲላ ድረስ መጡ፤ ጎረቤት ያዋሰቻቸውን ነጠላ ለብሰው ተነሱ፤ ፎቶግራፍ አንሺውንም ይህ ሥዕል እንሰቱን ያስቆርጣል ወይ ብለው ጠየቁት። እርሱም ደንብ አላውቅም፣ እኔ የማውቀው አገጭ ቀና ማድረግ ነው አላቸው። ከሦስት ወር በኋላ ፎቶግራፎቹ ተመለሱ፤ ለካ የግራ ጆሮ መታየት ኖሮበታል። ይህን ስነግራቸው ወይዘሮ አልጣሽ ፎቶግራፉን አገላብጠው አዩና፣ «የእኔን ጆሮ ምን ያደርጉታል? የማይሰሙት እነሱ ናቸው» አሉኝ። አባባሉ የአንድ ያልተማረ ሰው ስለሆነ ክቡርነትዎ እንዳይቀየሙ። ጆሯቸው የሚታይበት ስድስት ፎቶግራፍ በማግሥቱ ተልኳል።

አራተኛ፤ ባለፈው ነሐሴ ኮሚቴው ያሳተመው የሚያብረቀርቅ መጽሔት ደረሰኝ። ጥናቱ «በተሳካ ሁኔታ ተፈጽሟል» ይላል። በአሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ወይዘሮ አልጣሽ ከቁጥር አራት አጠገብ ቆመው ይታያሉ፤ ከሥሩ «ያካባቢው ተወላጅ ከሙዝ መሰል ተክል ጋር» ተብሎ ተጽፏል። በምስጋናው ገጽ ላይ ክቡርነትዎ፣ አቶ ወንድይራድ፣ አውሮፕላን ያሳፈራቸው ድርጅትና የጥናቱ ቡድን ሁለት ሌሊት ያደረበት ሆቴል ተመስግነዋል። ሆቴሉ በበሽታው ላይ ምን እንዳገኘ ለማወቅ ጓጉቻለሁ። ጥናቱ ከተፈጸመ እንሰቶቹ ለምን እንደማይለቀቁ ጠይቄ ነበር። ጥናቱ የተፈጸመው ለሪፖርቱ ሲሆን ለናሙናዎቹ ገና ክፍት እንደሆነ፣ የዘንድሮውም በጀት ወደ ሐይቅ ዓሣ እንደዞረ ተነገረኝ። ከመልሱ ጋር ለዓሣው ጥናት እንድወዳደር የሚጋብዝ ማስታወቂያ ተያይዟል፤ ዕድሜ ከሃያ ስምንት ያልበለጠ፣ የዶክተርነት ማዕረግ ያለው፣ ሁለት የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ ይላል። አርባ አምስት ዓመቴ ነው። ስላሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ፤ በየወሩ ኮንጋ ሄጄ ቆርቆሮዎቹን ቆጥሬ ሪፖርት አደርጋለሁ። ሃያ ዘጠኝ ሪፖርት ልኬአለሁ። ሁሉም «አሥራ ሁለቱም ቆመዋል» ይላሉ። መልሱም ሁልጊዜ «ጥሩ ሥራ ነው፤ ይቀጥሉበት» ነው።

ክቡር ሆይ፣ በሩቅ አገሮች መካከል መተባበር መልካም መሆኑን ከልቤ አምናለሁ። ዶክተር ላህቲነን በጭቃ ተንበርክከው የእንሰት ሥር ሲያሸቱ ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። የእኔ ጥያቄ ይህ ትብብር ከሄልሲንኪ አዲስ አበባ ድረስ በደህና ከመጣ ዘንድ፣ አቅም በፈቀደ መጠን ጥቂት ተራምዶ ኮንጋ እንዲደርስ ነው። የወይዘሮ አልጣሽ ልጆች ሦስተኛ ዓመታቸውን የጎረቤት ቆጮ እየበሉ ነው፤ ጎረቤቶቹም ራሳቸው በሽታው ያልማራቸው ናቸው። ሦስቱ አበቦች በዚህ ወር ውስጥ ፍሬ ይይዛሉ። የቀሩት ዘጠኙም ጊዜያቸው ሩቅ አይደለም።

ለሣጥኑ ቁልፍ፣ ለቁልፉ ያዥ፣ ለያዡም የዕረፍት ጊዜ ያለኝን አክብሮት እየገለጽሁ፣ ክቡርነትዎ ይህን ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ በእርጋታ እንደሚያቆዩት በመተማመን፣ ታዛዥና ቆጣሪ አገልጋይዎ ሆኜ እፈርማለሁ።

ተሻለ ወልደዮሐንስ
የጋራ ንብረቱ ያካባቢ ረዳት

ግልባጭ፦ ለፊንላንድ መንግሥት፣ ስለ ስድስቱ እንሰቶች ድርሻው።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፤ ኅዳር 14 ቀን፣ ዲላ ፖስታ ቤት።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ ያለውን እንደጨረስሁ ወደ ኮንጋ ወርጄ ለወይዘሮ አልጣሽ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙና ወረቀቱን ትቼ በማግሥቱ ሽማግሌዎች ዘንድ እንድቀርብ ነገሩኝ። እሑድ ከጸሎት በኋላ ተሰበሰብን። ያኔ በቃሉ ላይ ምስክር የነበሩት ሽማግሌ አቶ በራሶ፣ ፈረንጁ በራሱ አፍ ያለው ምን እንደነበር ጠየቁኝ። በሃያ ዘጠኝ ወር ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

እውነቱን ተናገርሁ። ዶክተሩ ያሉት አሥራ ስምንት ወር ነው። የቤቱን ቀለብ ለእንግዳ አሳልፎ ለሚሰጥ ሰው ወር ቆጥሮ መንገር የብድር ውል መሰለኝ፤ ነውር ነው ብዬ በትርጉሙ «ተመልሰን እስክንመጣ» አልሁት። አሥራ ስምንቱ ወር ያለቀው ዓምና በታኅሣሥ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ወይዘሮ አልጣሽ አልሳቁም። «ሃያ ዘጠኝ ጊዜ መጥተህ፣ ቆጥረህ፣ ሄድህ» አሉኝ። 

ክቡርነትዎ ቅር ካላለዎ የአቶ በራሶን ፍርድ ቃል በቃል ልጻፈው። «ፈረንጁን ማን ሰማው? እኛ የሰማነው አንተን ነው። ቃሉንም የተቀበልኸው አንተ ነህ፤ አንተው ልቀቅ» አሉ። ለቀቅሁ። ቆርቆሮዎቹን በእጄ እንድፈታ፣ ያበቡትን ሦስቱንም መጀመሪያ እኔ ራሴ እንድቆርጥ ተፈርዶብኛል። የሰፈሩ ሴቶች ዛሬ ከቀትር በኋላ ለቀማውን ትተው ለመፋቅ ይጠብቁኛል። ስለዚህ አንድ መስመር ፈቃድዎን ከእንግዲህ አንፈልገውም፤ ለሐይቁ ዓሦች ይሁንልዎ። ለሁለቱ መንግሥታት በድርሻቸው አሥራ ሁለት ቆርቆሮ እልካለሁ።

ይህን ደብዳቤ ላስገባ ስመጣ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ አቶ ጓንጉል ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣ የአደራ ፖስታ ሰጡኝ። ፈቃዱ መስሎኝ ፈጥኜ ቀደድሁት። የመጣው በአራት ቅጂ የሚሞላ የማጠቃለያ ቅጽ ነው፤ ሃያ ጥያቄ አለው። ባንኮኒው አጠገብ ቆሜ መሙላት ጀመርሁ። ስድስተኛው ጥያቄ «ናሙናዎቹ በሽታውን የተቋቋሙበትን ምክንያት ባጭሩ ይግለጹ» ይልና አንድ መስመር ቦታ ይተዋል።

ምክንያቱን አሁን አውቃለሁ። ትናንት ከሽማግሌዎቹ ስንመለስ በመንገድ ላይ ወይዘሮ አልጣሽን ጠየቅኋቸው፤ የችግኙን ዘር፣ የመጣበትን አገር፣ ቢላው ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት ምን እንደሚደረግበት፣ እቤታቸው እስክንደርስ ነገሩኝ። ለምን እስከ ዛሬ ዝም እንዳሉ ስጠይቃቸው፣ ጠያቂ አልመጣም፣ ቆጣሪ ነው የመጣው አሉ። ነገሩ በአንድ መስመር አይገባም። ማወቅ የሚፈልግ ሊቅ ካለ ኮንጋ ከይርጋ ጨፌ ሩቅ አይደለም፤ እርሳቸውም ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ሰው ይናገራሉ።

ወደ ይርጋ ጨፌ የሚሄደው የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ነው። አቶ ጓንጉል የቀሩትን አሥራ አምስት ጥያቄ እንድጨርስ፣ ካልጨረስሁ በአደራ ፖስታው ደረሰኝ ላይ መፈረም እንደማልችል ይነግሩኛል። ቅጹን ባንኮኒው ላይ ትቼላቸዋለሁ።